ኤግዘኪዩቲቭ ኦርደር ምንድን ነው?

የአሜሪካ ምርጫ በመጣ ቁጥር ከሁለቱም ፓርቲ የማይቀር ቃል አለ፣ "ቢሮ በገባሁ በመጀመሪያው ቀን ይሄን እፈርማለሁ" የሚል። ይፈርማሉም። ባይደን ጃንዋሪ 20 ቀን 2021 ስልጣን በያዘበት ዕለት ከሱ በፊት የነበረውን የጉዞ እገዳ በፊርማው ሻረው፣ ትራምፕ ደግሞ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 በአንድ ቀን ብቻ 26 ኤግዘኪዩቲቭ ኦርደር ፈረመ፣ የዛን ቀን ፊርማዎች የተወሰኑትን እዛው ዋሽንግተን ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ህዝብ እየጮኸለት ነበር ያኖረው። የኛ ሰው በዛው ምሽት ስልክ መደዋወል ይጀምራል፣ ህግ ወጣ እኮ፣ ዲቪ ቀረ እኮ፣ እዚህ የሚወለድ ልጅ ዜጋ አይሆንም ተባለ እኮ እየተባባለ። ነገሩ በደንብ ካልገባን ወይ በማያስፈራው እንፈራለን ወይ በሚያስፈራው እንዘናጋለን፣ የባሰው ደግሞ ሁለተኛው ነው።

ኤግዘኪዩቲቭ ኦርደር ፕሬዝዳንቱ በስሩ ላሉ የፌዴራል መስሪያ ቤቶች የሚሰጠው የፅሁፍ ትዕዛዝ ነው። ህግ አይደለም። ህግ የሚያወጣው ኮንግረስ ነው፣ ፕሬዝዳንቱ ህጉን የሚያስፈፅሙት ሰዎች አለቃ ስለሆነ "እንዲህ አድርጋችሁ አስፈፅሙ" ብሎ ያዛቸዋል። ስለዚህ ትዕዛዙ በቀጥታ የሚያናግረው እኔን ወይ አንቺን ሳይሆን ኤምባሲ መስኮት ላይ የተቀመጠውን ቆንስላ፣ ኤርፖርት ፓስፖርት የሚያየውን ኦፊሰር፣ ወታደሩን፣ አቃቤ ህጉን ነው። ግን እነሱ ናቸው እኛ ጋ የሚደርሱት፣ ለዛ ነው ለሌላ ሰው የተፃፈ ትዕዛዝ መጨረሻው እኛ ላይ የሚያርፈው።

ህገ መንግስቱ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ ነገር የለም። አንቀፅ 2 የማስፈፀም ስልጣን የፕሬዝዳንቱ ነው ይላል፣ ህጎች በታማኝነት መፈፀማቸውን ይከታተል ይላል፣ የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ነው ይላል፣ ከጆርጅ ዋሽንግተን ጀምሮ ያሉት ፕሬዝዳንቶች እነዚህ ላይ ተንተርሰው ሲያዙ ኖረዋል። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ12 ዓመት ውስጥ ከ3,700 በላይ ፈርሟል፣ እስካሁን የደረሰበት የለም። አንዳንዱ ፕሮክላሜሽን ይባላል አንዳንዱ ሜሞራንደም፣ ስሙ ብዙ አያስጨንቅም፣ የሚያስጨንቀው ትዕዛዙ ጉልበቱን ከየት ነው ያመጣው የሚለው ነው።

ፌዴራል ሬጂስተር የሚባለው የመንግስት ይፋዊ ጋዜጣ ላይ በነፃ ይገኛሉ፣ አንዱን ከፍታችሁ እዩት። መጀመሪያው ላይ "በአሜሪካ ህገ መንግስትና ህጎች በፕሬዝዳንትነቴ በተሰጠኝ ስልጣን" የሚል መስመር አለ፣ ብዙ ጊዜ ከሱ ጋር የህግ አንቀፆች ይደረደራሉ። ሰው ያንን መስመር ዘሎ ወደ ወሬው ይገባል፣ እኔ ግን መጀመሪያ እዛች መስመር ላይ ነው የምቆመው፣ ምክንያቱም እዛ ላይ የተጠቀሰው ህግ ጠንካራ ከሆነ ትዕዛዙም ጠንካራ ነው፣ ምንም የተጨበጠ ህግ ካልተጠቀሰ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመግለጫ ብዙም አይዘልም። መጨረሻው ላይ ደግሞ "አሁን ባለው ህግ መሰረትና በጀት እስከተገኘ ድረስ ይፈፀማል" የሚል አይነት አንቀፅ አይጠፋም። ብሩ ያለው ኮንግረስ እጅ ነው፣ ፕሬዝዳንቱ አዲስ ፕሮግራም ፈርሞ ሊፈጥር ቢፈልግ እንኳን ገንዘቡን ራሱ መፍጠር አይችልም።

ጉልበት ያለውና የሌለው እንዴት እንደሚለይ ለማየት ፕሬዝዳንት ትሩማንን መውሰድ ይበቃል። ጁላይ 26 ቀን 1948 በትዕዛዝ ቁጥር 9981 ጦሩ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ ማገልገሉ እንዲቀር አዘዘ። የዛን ጊዜ ኮንግረስ ውስጥ የደቡብ ሴናተሮች እንዲህ ያለ ህግ እንዲያልፍ አይፈቅዱም ነበር፣ ግን ጦሩ የራሱ ነው፣ አዛዡ እሱ ነው፣ ስለዚህ ትዕዛዙ ፀና። ይሄው ሰውዬ ኤፕሪል 8 ቀን 1952 የኮሪያ ጦርነት እየተካሄደ የብረት ፋብሪካ ሰራተኞች ስራ ሊያቆሙ ሲሉ "ጦሩ ብረት ሊያጣብኝ ነው" ብሎ የንግድ ሚኒስትሩን ፋብሪካዎቹን ተረከብ አለው። ፋብሪካዎቹ የሱ አይደሉም፣ የግል ናቸው፣ ኮንግረስ ደግሞ ከ5 ዓመት በፊት የሰራተኛ ህግ ሲያወጣ ይሄ አይነት የመውረስ ስልጣን ይሰጠው ወይ ተብሎ ተነስቶ ሳይሰጠው ቀርቷል። ጁን 2 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ትዕዛዙን ጣለው፣ ትሩማንም በዛው ቀን ፋብሪካዎቹን መለሰ። ጦርነት ላይ ያለ ፕሬዝዳንት ተፈርዶበት በዛው ቀን እሺ ማለቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ያን ጊዜ ዳኛ ሮበርት ጃክሰን ለብቻው የፃፈው ሀሳብ ዛሬም ድረስ ጠበቃው ሁሉ የሚጠቅሰው ነው። ፕሬዝዳንቱ ኮንግረስ ከፈቀደለት ጋር ሲሄድ ስልጣኑ ጣራ ይነካል፣ ኮንግረስ ዝም ባለበት ነገር ላይ ሲገባ ነገሩ ድንግዝግዝ ነው፣ ኮንግረስ ከወሰነው በተቃራኒ ሲሄድ ደግሞ ስልጣኑ ወለል ላይ ነው፣ በራሱ ህገ መንግስታዊ ስልጣን ብቻ መቆም አለበት።

ታዲያ ኮንግረስ ከፈቀደ ሁሉም ነገር ሰላም ነው ማለት ነው? አይደለም። እንዲያውም የከፋው ነገር የተደረገው ሶስቱም የመንግስት አካላት ሲስማሙ ነው።

ጃፓን ፐርል ሃርበር የሚባለውን የአሜሪካ የጦር ሰፈር ከደበደበች 10 ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942፣ ሩዝቬልት ቁጥር 9066ን ፈረመ። ወረቀቱን ብታነቡት ጃፓን የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም። የጦር ሚኒስትሩ ወታደራዊ ክልል ብሎ መሰየም ይችላል፣ ከዛ ክልል ማንንም ማስወጣት ይችላል ይላል፣ በቃ ይሄው ነው። ተግባር ላይ ሲውል ግን ከምዕራቡ ጠረፍ የጃፓን ዘር ያላቸው ወደ 120,000 ሰዎች ተለቀሙ፣ ከሶስት ሁለት እጁ አሜሪካ የተወለደ ዜጋ ነው። ግድግዳና የስልክ እንጨት ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፣ በእጃችሁ መሸከም የምትችሉትን ብቻ ይዛችሁ በዚህ ቀን እዚህ ቦታ ተገኙ የሚል፣ ለየቤተሰቡ ቁጥር ተሰጠ፣ ቁጥሩ የተፃፈበት ወረቀት ሻንጣው ላይና ልጆቹ ኮት ላይ ታሰረ። ሎስ አንጀለስ አጠገብ ሳንታ አኒታ የሚባለው የፈረስ እሽቅድድም ሜዳ ላይ ሰው ከነልጆቹ ፈረስ ይታሰርበት የነበረ ጋጣ ውስጥ እንዲኖር ተደረገ፣ ከዛ በኋላ በረሃና ረግረግ ቦታ ላይ ወደተሰሩ 10 ካምፖች ተወሰዱ። ሲወሰዱ ክስ የተመሰረተበት የለም፣ ዳኛ ፊት የቀረበ የለም። ኮንግረሱስ? ማርች ወር ላይ ያለ ብዙ ክርክር ትዕዛዙን አልቀበልም ያለ ይታሰራል የሚል ህግ አወጣ።

ፍሬድ ኮሬማትሱ ኦክላንድ የተወለደ የብየዳ ሰራተኛ ነበር፣ አልሄድም አለ፣ ተያዘ፣ ተፈረደበት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዲሴምበር 18 ቀን 1944 6 ለ 3 ተሸነፈ። ከተቃወሙት ሶስት ዳኞች አንዱ ያው ጃክሰን ነው፣ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ነገር አንዴ ካፀደቀው መርሁ እንደተቀባበለ መሳሪያ ተቀምጦ አስቸኳይ ጉዳይ አለኝ የሚል ባለስልጣን እጅ ይጠብቃል ብሎ ፃፈ። ከዛ በኋላ የመጣው ሁሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ትዕዛዙን ፕሬዝዳንት ፎርድ በ1976 በይፋ አበቃ አለ፣ የኮሬማትሱ ጥፋተኝነት በ1983 ተሰረዘ፣ በ1988 ፕሬዝዳንት ሬገን በፈረመው ህግ መንግስት ይቅርታ ጠይቆ በህይወት ላሉት 20,000 ዶላር ከፈለ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ ውሳኔው ስህተት ነበር ያለው በ2018 ነው። 74 ዓመት ሙሉ ማለት ነው። የዜጎች መብት ህገ መንግስቱ ላይ ስለተፃፈ ብቻ በራሱ ይከበራል የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይሄን ታሪክ ነው የምነግረው።

ያ የ2018 ውሳኔ ደግሞ የኛን ሰፈር በቀጥታ የነካ ነው። ትራምፕ ጃንዋሪ 27 ቀን 2017 አርብ ከሰዓት ቁጥር 13769ን ፈርሞ የ7 አገር ሰዎች እንዳይገቡ ከለከለ፣ ሱዳንና ሶማሊያ ነበሩበት። አውሮፕላን ላይ ያሉ ሰዎች ሲሳፈሩ ህጋዊ ነበሩ፣ ሲያርፉ ታገዱ። የአዲስ አበባው በረራ የሚያርፍበት ደለስ ኤርፖርት ጭምር በጎ ፈቃደኛ ጠበቆች ላፕቶፓቸውን ይዘው ከአንዱ መድረሻ ወደ ሌላው ሲሉ ነበር፣ በማግስቱ ማታ ብሩክሊን ያለች የፌዴራል ዳኛ ሰዎቹ እንዳይመለሱ አገደች። ትዕዛዙ ሁለቴ ተሻሽሎ ሶስተኛው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን በ2018 5 ለ 4 አለፈ።

ለምን አለፈ? ምክንያቱም ኮንግረስ በ1952 ያወጣው የኢሚግሬሽን ህግ ክፍል 212 ንኡስ "ኤፍ" ላይ ፕሬዝዳንቱ መግባታቸው ለአገር ጥቅም ጎጂ ነው ያላቸውን የውጭ ሰዎች፣ የፈለገውን ያህል ጊዜ ማገድ ይችላል ይላል። የሚገርመው ትሩማን ያንን ህግ አልፈርምም ብሎ ቬቶ አድርጎት ነበር፣ ኮንግረስ ነው ቬቶውን ሽሮ ያፀደቀው፣ ፋብሪካዎቹን ባስመለሱበት በዛው ወር። በአንድ ወር ውስጥ አንዱ ስልጣን ከፕሬዝዳንቱ ተነጠቀ፣ ሌላው ሳይፈልገው ተሰጠው፣ የተሰጠው ዛሬም ይሰራል።

ዲቪም ሲነሳ ሰው የሚምታታው እዚህ ጋ ነው። ዲቪን የፈጠረው ኮንግረስ ነው፣ በ1990 ህግ፣ ስለዚህ ፕሬዝዳንት ፈርሞ ህጉን ሊሰርዘው አይችልም። ግን ህጉ እንዳለ ሆኖ ሰዎቹ እንዳይገቡ ማገድ ይችላል። በ2020 የሆነው ይሄ ነው፣ በኤፕሪልና በጁን በኮቪድና በስራ አጥነት ምክንያት ተብሎ የኢሚግራንት ቪዛ ሲታገድ ዲቪ የደረሳቸው ሰዎች ቪዛቸው ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ዲቪ ደግሞ ሴፕቴምበር 30 ካለፈ የዛ ዓመት ዕድል ሞቷል፣ ፍርድ ቤት ሄደው ዳኛ ጉዳያቸው እንዲታይ ያዘዘው ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ነው። በዛው ዓመት ኤርትራም የኢሚግራንት ቪዛ ከታገደባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ገብታ ነበር፣ ባይደን እስኪያነሳው ድረስ ስንት ቤተሰብ ተለያይቶ ጠበቀ፣ በጁን 2025 ደግሞ እንደገና ገባች።

ከዚህ ጋር አወዳድሩት፣ በ2025 የመጀመሪያ ቀን ከተፈረሙት አንዱ ወላጆቹ ወረቀት የሌላቸው ወይ በጊዜያዊ ቪዛ ያሉ ልጅ አሜሪካ ቢወለድም ዜግነት አይሰጠው የሚል ነው። ሲያትል ያለ የፌዴራል ዳኛ በ3ኛው ቀን አገደው፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ከፊት የቆመው የ1868ቱ 14ኛ ማሻሻያ ነው፣ ህገ መንግስቱ ራሱ። ግን ዳኞችም እጃቸው እያጠረ ነው፣ ጁን 27 ቀን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 አንድ የወረዳ ዳኛ ከሳሾቹን አልፎ ለአገር በሙሉ የሚሰራ እገዳ መስጠቱን ገድቦታል፣ ስለዚህ አሁን ሰው በጋራ ክስ ተሰባስቦ መምጣት ይበዛበታል።

ኮንግረስ የሰጠውን ስልጣን መልሶ መውሰድ ደግሞ ከመስጠቱ በጣም ይከብዳል። በ2019 ትራምፕ ለድንበር አጥሩ ብር ለማግኘት ብሄራዊ የአስቸኳይ ጊዜ ሲያውጅ ሁለቱም ምክር ቤቶች፣ ሪፐብሊካን የበዛበት ሴኔት ጭምር፣ ይቅር ብለው ድምፅ ሰጡ፣ እሱ ቬቶ አደረገው፣ ቬቶውን ለመሻር ሁለት ሶስተኛ ስለሚያስፈልግ እዛው ቀረ። ስልጣን ለመስጠት አንድ ጊዜ በቂ ነበር፣ ለመመለስ ሁለት ሶስተኛ ካልሆነም ፈቃደኛ ፕሬዝዳንት ያስፈልጋል።

ለዛ ነው ሚድተርም የሚባለው በሁለት የፕሬዝዳንት ምርጫ መሃል የሚደረገው የኮንግረስ ምርጫ ሲመጣ "የፕሬዝዳንት ካልሆነ ምን ያደርጋል" ብሎ ቤቱ የሚቀረው ሰው የሚያንገበግበኝ። በየ2 ዓመቱ 435ቱም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮችና አንድ ሶስተኛ የሚሆነው ሴኔት ይመረጣል፣ 212 "ኤፍ" ይጥበብ ወይስ እንዳለ ይቆይ የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ሙከራው ተደርጎ ያውቃል። ፕሬዝዳንቱ በሀይማኖት ምክንያት እንዳያግድና ላገደበት ማስረጃ እንዲያቀርብ የሚያስገድድ ረቂቅ ህግ በ2020 በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ፣ በኤፕሪል 2021 እንደገና 218 ለ 208 አለፈ። ሁለቱንም ጊዜ ሴኔት ደርሶ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀርቷል። የናንተ ተወካይ ያኔ ምን ብሎ ድምፅ እንደሰጠ ስሙን ብትፈልጉ ታገኙታላችሁ፣ ሴናተራችሁን ደግሞ ቢሮው ደውላችሁ በቀጥታ ጠይቁት።