ታማሪንድ፦ የሊቶግራፊ አታሚዎች ማሠልጠኛ

ሊቶግራፊ ቅባትና ውሃ አለመዋሃዳቸውን መሠረት ያደረገ የህትመት ሥነ ጥበብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ መጨረሻ በጀርመናዊው አሎይስ ዜኔፌልደር ባቫሪያ ውስጥ ተፈለሰፈ። ሠዓሊው በተስተካከለ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ ወይም ቀለም በነፃነት ይሥላል፤ ድንጋዩን አዘጋጅቶ ማተም ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በ1950ዎቹ በአሜሪካ ይህን ሙያ የያዙ አታሚዎች እጅግ ጥቂት ስለነበሩ፣ ሠዓሊዋ ጁን ዌይን ሥራዋን ለማሳተም እስከ ፓሪስ መሄድ ነበረባት።

ዌይን በፎርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ በ1960 በሎስ አንጀለስ ታማሪንድ ጎዳና ላይ የከፈተችው ወርክሾፕ ዋነኛ ዓላማው አታሚዎችን ማሠልጠን ነበር። በ1970 ወደ አልበከርኪ ተዛውሮ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ሥር ታማሪንድ ኢንስቲትዩት ተባለ።

ሙያው የሚጀምረው ድንጋዩን ለአዲስ ሥዕል ከማለስለስ ነው። ሠልጣኙ ውሃና ካርቦረንደም የተባለ ጠንካራ የመፈግፈጊያ ዱቄት እየጨመረ፣ ከሻካራው ወደ ደቃቁ እየተሸጋገረ፣ የቀድሞው ሥዕል ቅባት ፈጽሞ እስኪጠፋ የድንጋዩን ገጽ ይፈገፍጋል፤ ካልጠፋ በአዲሱ ሥዕል መካከል ብቅ ይላል። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ በጥቂት ጠብታ ናይትሪክ አሲድ የተቀላቀለ የግራር ሙጫ ይቀባል (ሙጫው በኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎችም ከሚበቅል የግራር ዝርያ ይገኛል)። አሲዱ ድንጋዩን ለመቅረጽ አይደለም፤ ከሙጫው ጋር ሆኖ ባዶው ቦታ ውሃ እንዲይዝ፣ የተሣለውም ቀለም እንዲቀበል ያደርጋል። የመማሩ እውነተኛ ፈተና ያለው እዚህ ላይ ይመስላል፤ ስስ የእርሳስ ጥላ ደካማ ቅልቅል፣ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ደግሞ ጠንካራ ስለሚፈልግ፣ አታሚው ሥዕሉን እንደ ጽሑፍ ማንበብ አለበት፤ ይህን ደግሞ የመጠን ሠንጠረዥ ብቻውን አያስተምርም። ቀጥሎ ሥዕሉ በማሟሟያ ታጥቦ ከዓይን ሊሰወር ጥቂት ይቀረዋል፤ ድንጋዩ በስፖንጅ ረጥቦ ሮለሩ ቀለም ሲያለብሰው እንደገና ይወጣል። ህትመቱ እስኪያልቅ ድንጋዩ መድረቅ የለበትም። ለእያንዳንዱ ቀለም በአብዛኛው የራሱ ድንጋይ ወይም የአሉሚኒየም ሰሌዳ ያስፈልጋል።

ሠዓሊው «ይታተም» ብሎ ያጸደቀው ቅጂ መለኪያ ይሆንና አታሚው ቀሪዎቹን ከእርሱ ጋር እያስተያየ ያወጣል። በወረቀቱ ጠርዝም የአታሚውና የወርክሾፑ ምልክት ያለቀለም ይታተማል። አታሚዎች ስማቸው እምብዛም አይነሳምና፣ ይህ ልማድ ተገቢ ይመስላል።

በታማሪንድ ያለፉ ባለሙያዎች የራሳቸውን ማተሚያ ቤት ከፍተዋል፤ ኬን ታይለር በሎስ አንጀለስ ጀሚናይን ከመሠረቱት አንዱ ሲሆን፣ ጃክ ሌመን በ1970 በቺካጎ ላንድፎልን አቋቁሟል። ጁዲት ሶሎድኪን በ1974 የታማሪንድን የዋና አታሚነት ማዕረግ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን፣ በኋላም በኒው ዮርክ የራሷን ወርክሾፕ ከፍታለች።