የሆድ አተነፋፈስ ምንድን ነው? የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ታዳጊዎችስ እንዴት ይለማመዱታል?

ሰው ሲጨነቅ ትንፋሹ ያጥራል፤ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል፣ አየሩም ደረቱ ላይ ብቻ ገብቶ ይወጣል። የሆድ አተነፋፈስ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከሳንባ ሥር ድያፍራም የሚባል፣ እንደ ጉልላት የጎበጠ ጡንቻ አለ። አየር ቀስ ብለን ስናስገባ ወደ ታች ይወርድና ሆዳችን ገፋ ይላል፤ ስናስወጣ ወደ ቦታው ይመለሳል። የልብ ምትም አየር ስናስገባ ትንሽ ፈጠን፣ ስናስወጣ ረገብ ይላል። ስለዚህ ትልቁ ነገር ብዙ አየር መሳቡ ሳይሆን ቀስ ብሎ ማስወጣቱ ነው።

«በረጅሙ ተንፍስ» ማለት ግን ለእነዚህ ታዳጊዎች ብዙም አይጠቅምም፤ ትንፋሽ አይታይም፣ አይዳሰስም። ብዙዎቹ ይህን ሲሰሙ ትከሻቸውን ሰቅለው አየሩን በአንዴ ይስባሉ። መፍትሔው ትንፋሹን በዓይን እንዲያዩት ማድረግ ነው። ልጁ በጀርባው ይተኛና ሆዱ ላይ ቀለል ያለ መጽሐፍ ይቀመጥለት፤ መጽሐፉ ሲነሳና ሲወርድ ራሱ ይመለከታል። ወይም ቀጭን ወረቀት ከከንፈሩ ፊት ይያዝለትና ሳይቋረጥ እንዲወዛወዝ ቀስ ብሎ ይንፋበት። ቁጥር መቁጠርና ትንፋሽ ይዞ መቆየት ለብዙዎቹ ተጨማሪ ሸክም ስለሆነ ቢቀር እመርጣለሁ።

ከሁሉም የምወደው በጣት የሚደረገውን ነው። አንዱን መዳፍ ዘርግቶ፣ በሌላው እጅ ጠቋሚ ጣት የእያንዳንዱን ጣት ጠርዝ መከተል፦ ሲወጡ ማስገባት፣ ሲወርዱ ማስወጣት። የ15 ዓመት ልጅ የሕፃን መጫወቻ ተሰጥቶት ሰው ፊት ማፈር የለበትም፤ ጣቱ ግን ክፍል ውስጥም መኪና ውስጥም አብሮት ነው።

ልምምዱ ልጁ ደህና በሆነበት ሰዓት፣ በየቀኑ ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቃልና ምልክት ይሁን። ንዴቱ ከገነፈለ በኋላ ማስተማር አይቻልም። ያኔ «ተረጋጋ» እያሉ ከመጮህ፣ ትንሽ ራቅ ብለው ይቀመጡና እርስዎ ራስዎ እንዲሰማው አድርገው ቀስ ብለው ይተንፍሱ።

ካዞረው ወይም ጣቶቹን ከነዘረው ይቁም፤ ትንፋሹ በዝቷል ማለት ነው። በፍጥነትና በኃይል መተንፈስ አንዳንድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶችን ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ሕመሙ ያለበት ልጅ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙ ይጠየቅ። ሕመሙን በቃል መናገር የማይችል ልጅ በድንገት መረበሽ ካበዛ ደግሞ ከልምምዱ በፊት ጥርሱም፣ ጆሮውም፣ ሆዱም ይታይለት።