ዘይቤን ማንበብ፦ ከፋቡላ እስከ ጄኔቭ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ስር ደብተር ይዘው የሚያጠኑ የ12ኛ ክፍል ልጆች ካያችሁ ጆሮ ጣል አድርጉ። «ይሄ ሰውኛ ነው፣ ያኛው ምጸት» ይባባላሉ። ስሙን ማወቅ ደስ ይላል። የዘይቤ ትንተና የሚባለው ግን ከዚያ ይቀጥላል፤ ጸሐፊው ይህን መንገድ ለምን መረጠ፣ ሰሚውንስ ምን አደረገው ብሎ መጠየቅ ነው።

ተውኔት እንውሰድ። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። ደራሲው በልጅነታቸው ሐረር ራስ መኮንን ዘንድ ነበሩ፣ ኋላም ሩሲያ ተምረዋል። በተውኔቱ አውሬዎች እንደ ሰው ያወራሉ። ይህ ሰውኛ ሰሙ ነው። ወርቁ ሹማምንቱን የሚነካ ትችት ነበር፣ ቤተ መንግሥትም ወርቁ ስለገባው ታገደ። በሼክስፒር «ጁሊየስ ቄሳር» ደግሞ አንቶኒ ብሩተስን የተከበረ ሰው እያለ ይደጋግማል፣ በደጋገመው ቁጥር ክብሩ እየተገፈፈ ሄዶ ስድብ ይሆናል፤ ምጸት የሚሉት ይህን ነው።

ንግግር ላይ እኛ ድሬዎች ቅርብ ምሳሌ አለን። አፄ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በዚሁ በድሬዳዋ በኩል በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ፣ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በአማርኛ ተናገሩ። ጣሊያን ከአውሮፕላን የረጨችውን መርዝ የገለጹት ሞት በሚያወርድ ዝናብ ነው። ተለዋጭ ዘይቤ ይሉታል፣ አንዱን ነገር በሌላው ስም መጥራት። ዝናብ ለኛ ገበሬ ምን እንደሆነ አስቡት እስቲ! ሰማይ አንጋጦ፣ ተንበርክኮ የሚለምነው ነገር ራሱ ልጆቹንና ከብቶቹን ሊፈጅ ሲወርድ። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም ማንበቤን አቆማለሁ። ንግግሩን ደግሞ በጥያቄ ነው የዘጉት፦ ለሕዝባቸው ምን መልስ ይዘው እንደሚመለሱ። አዳራሹ ዝም ቢል ዝምታው ራሱ መልስ ይሆናል።

አጭር ልቦለድ ውስጥ ንግርን ፈልጉ፣ ማለትም ኋላ የሚመጣውን አስቀድሞ ሹክ የሚል ፍንጭ። በሞፓሳን «የአንገት ሐብል» ማቲልድ ከጓደኛዋ የተዋሰችውን ሐብል ትጥላለች፣ ከባሏ ጋር ተበድረው ሌላ ይተኩና ዕዳውን ለመክፈል 10 ዓመት ይለፋሉ። በመጨረሻ የጠፋው አርቴፊሻል እንደነበር ትሰማለች። ሁለተኛ ስታነቡት ባልና ሚስቱ ጌጥ ሻጩ ጋ የሄዱበት ቦታ ላይ ቆም በሉ። ሰውየው መዝገቡን አገላብጦ፣ ሐብሉን እንዳልሸጠው፣ የሰጠው ሳጥኑን ብቻ እንደሆነ ይነግራቸዋል።