«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ»

ይህን አባባል ባሕር ዳር ውስጥ ብዙ ጊዜ የምንሰማው በተግሣጽ መልክ ነው። ልጅ «ውጭ ያለው አጎቴ ብር ይልክልኛል» እያለ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ እናቱ «ላም አለኝ በሰማይ!» ትለዋለች። ሁለተኛውን ስንኝ መጨረስ አያስፈልጋትም። በእጅህ ያልገባውን ተስፋ አድርገህ አትቀመጥ ማለቷ ነው።

አባባሉ የመጣው ከገበሬው ኑሮ ነው። ላም ያለው ቤት ሀብታም ነው። ወተቷ ልጅ ያሳድጋል፣ ቅቤዋ ገበያ ይወጣል፣ ኩበቷ ሳይቀር ማገዶ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚገኘው ግን ላሚቱ ደጅ ስትውል ነው። ሰማይ ላይ ያለችውን ማን ያልባታል?

እኔ ግን አባባሉ ለሰነፍ ብቻ የተነገረ አይመስለኝም። ሰውዬው ላም አለው፤ ያጣው ወተቱን ነው። ሠርቶ ያፈራው ሀብት አልጠቅመው ያለ ሰውም ይህንኑ ይላል።

ጣና ዳር ጠዋት ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከጀልባ ሲወርድ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። ሻጮቹ ቅርፊቱን በቢላ እየፋቁ፣ ሆድ ዕቃውን እያወጡ ያቀርባሉ። በዚያ ሰዓት ዋጋ ቆራጮቹ እነሱ ናቸው። ፀሐዩ ሲጠነክር ግን ቆራጩ ገዢው ይሆናል። ማቀዝቀዣ የሌላት ሻጭ ዓሣዋ ከሚበላሽባት ባገኘችው ትሸጠዋለች። ሐይቁ አለ፣ ዓሣው አለ፣ ጉልበቱም አለ። ማቀዝቀዣ ልግዛ ብላ ብድር ብትጠይቅ ደግሞ «መያዣ አለሽ ወይ?» ትባላለች። ቤት ወይም መኪና ማለታቸው ነው።

የፔሩው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ሄርናንዶ ደ ሶቶ በሰነድ ስላልተረጋገጠ ባለቤቱ የማይበደርበትን ንብረት «የሞተ ካፒታል» ይለዋል። የኛ አባቶች የሰማይ ላም ይሉታል። እኛም አገር ላሚቱን የማውረድ ሙከራ ነበረ። ባሕር ዳር ተቀምጦ ይሠራ የነበረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ፣ ንብረት ለሌላቸው በቡድን ዋስትና ያበድር ነበር። ሰዎቹ እርስ በርስ ይዋዋሳሉ፤ መተማመናቸው መያዣ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1147 ወጣ። ማሽንም፣ ሰብልም፣ ከብትም ለብድር መያዣ እንዲሆኑ ፈቀደ። ላም በሕግ መያዣ ሆነች ማለት ነው! ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቤት የሌለው ወጣት ሥራ እንዲጀምር በር ይከፍታል።

አዋጅ ብቻውን ግን ወተት አያጠጣም። ከ2015 መገባደጃ ወዲህ ክልላችን ያየውን እናውቀዋለን። መንገድ ሲዘጋ ጭነት ይቆማል፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ የሞባይል ክፍያ ይቆማል። ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ሰላም ነው። ነገ ምን እንደሚመጣ መገመት ያቃተው ሰው ብሩን ዕቃ ገዝቶበት ያስቀምጣል እንጂ ሠራተኛ አይቀጥርበትም። ስለ ግብርም ስለ ኪራይም የምናወራው ከዚህ በኋላ ነው።

ወደቡ አጠገብ ሻጮቹ በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ ቀዝቃዛ ክፍል ቢኖር ከሰዓት በኋላም ዋጋውን የሚቆርጡት እነሱ ይሆኑ ነበር። ኃይሉ ሩቅ አይደለም፤ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስ የሚሠራው በዚሁ ሐይቅ ውኃ ነው። የሚቀረው ሳይቆራረጥ የሚደርስ መብራትና ክፍሉን የሚያሠራ ብድር ነው።