ላርጅ፦ የአንድ የእንግሊዝኛ የመጠን ቃል ፍቺዎች

ላርጅ በእንግሊዝኛ ትልቅነትን ከሚገልጹ የተለመዱ ቅጽሎች አንዱ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ብዙ ሰው የሚያውቀው በሸሚዝና በቲሸርት አንገት ላይ ከሚጻፈው ምልክት ነው። የቃሉ መነሻ ግን መጠን አልነበረም። የላቲኑ ‹ላርጉስ› የተትረፈረፈ፣ ለጋስ ማለት ነበር፤ ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ቃሉ በጥንቱ ፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ሲገባም፣ አንድን ሰው ‹ላርጅ› ማለት እጁ የማይሰስት መሆኑን መናገር ነበር። በአማርኛም ‹ሆደ ሰፊ› ስንል ስፋትን ለጠባይ እናውለዋለን። ይህ ጥንታዊ ፍቺ ዛሬ የተረፈው ልግስናን በሚገልጸው ‹ላርጄስ› በተባለው ዘመዱ ውስጥ ነው።

ከላቲን የተወለዱት ቋንቋዎች ያንኑ ሥር በየፊናቸው ወስደውታል። በፈረንሳይኛ ‹ላርዥ›፣ በጣሊያንኛ ደግሞ ‹ላርጎ› ሰፊ ማለት ሲሆን፣ በስፓኒሽ ‹ላርጎ› ረጅም ማለት ነው፤ የፍሎሪዳዋ ኪ ላርጎ ደሴትም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ከርዝመት ነው።

ከሁሉም ይልቅ ለባዕድ ተማሪ ግራ የሚያጋባው ‹አት ላርጅ› የሚለው ሐረግ ነው፤ እዚህ ላይ ቃሉ ስለ መጠን ምንም አይናገርም። ያመለጠ እስረኛ ‹አት ላርጅ› ነው ሲባል አልተያዘም ማለት ነው፤ ‹አምባሳደር አት ላርጅ› ደግሞ በአንድ አገር ያልተወሰነ መልእክተኛ ነው። በምርጫ ሕግ ሐረጉ በአንድ ክፍል ሳይሆን በመላው ሕዝብ የሚመረጥን ተወካይ ያመለክታል። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ ለምሳሌ፣ ከ13ቱ የከተማው ምክር ቤት አባላት 8ቱ በየቀበሌያቸው ሲመረጡ፣ 4ቱና ሰብሳቢው በ‹አት ላርጅ› ከመላው ከተማ ይመረጣሉ። በሁሉም አገባቦች የሚደጋገመው ሐሳብ በወሰን አለመታጠር ነው።

‹ባይ ኤንድ ላርጅ› የሚለው፣ ዛሬ ‹በአጠቃላይ› ማለት የሆነው ሐረግ የመርከበኞች ቅርስ ነው፤ ‹ባይ› ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ተጠግቶ በሸራ መጓዝን፣ ‹ላርጅ› ደግሞ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ መሄድን ይገልጽ ነበርና፣ በሁለቱም የምትመች መርከብ በማናቸውም ሁኔታ ትሄዳለች።

በገበያ ቃሉ ትርጉሙን የሚያገኘው ከአጠገቡ ከተሰለፉት ደረጃዎች ነው። በካሊፎርኒያ የታሸገ ወይራ ‹ላርጅ› የሚባለው ከትንንሾቹ ብዙም አይርቅም፤ ከእሱ በላይ ‹ጃምቦ› እና ‹ኮሎሳል› የሚባሉ ደረጃዎች አሉና። በእንቁላልም እንዲሁ ነው፤ የአሜሪካ መለኪያ አንድ ደርዘን ‹ላርጅ› እንቁላል ቢያንስ 680 ግራም ገደማ (ለአንዱ በአማካይ 57 ግራም ያህል) እንዲመዝን ሲጠይቅ፣ በአውሮፓ ኅብረት ግን ‹ላርጅ› የሚጀምረው አንዱ እንቁላል 63 ግራም ሲሞላ በመሆኑ፣ 60 ግራም የሚመዝን እንቁላል አትላንቲክን ቢሻገር ከ‹ላርጅ› ወደ ‹ሚዲየም› ይወርዳል።