ግእዝና አማርኛ በደሴ አካባቢ ትርጓሜና ስብከት

በደሴና በኮምቦልቻ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት ቅዳሴው በአመዛኙ በግእዝ፣ ስብከቱ በአማርኛ ነው። ሰባኪው የዕለቱን ምንባብ ከግጻዌ (የየዕለቱ ምንባባት ማውጫ መጽሐፍ) ያወጣል፦ ከጳውሎስ፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት፣ ከግብረ ሐዋርያት፣ ከዚያም ምስባክና ወንጌል። ምስባኩ ዲያቆኑ በዜማ የሚለው ሦስት መስመር የዳዊት ቃል ነው፤ ስብከቱ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚያ ነው።

ትርጓሜው በአንድምታ ይሄዳል። መምህሩ ግእዙን ያነባል፣ ነጠላ (ቃል በቃል) ትርጉሙን ይሰጣል፣ ቀጥሎ «አንድም» እያለ ሌላ ፍቺ ይደርባል፤ ታሪክና ሐተታ ያክልበታል። ስብከት የሚበላሸው በአብዛኛው ነጠላው ሲዘለል ነው። የዐረፍተ ነገሩን ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጹን (ዋናውን ግሥ) ሳይለዩ «አንድም» ማለት ግምት ነው። በአብነት ትምህርት ቅኔ ቤት ከመጻሕፍት ቤት (የትርጓሜ ትምህርት) የሚቀድመውም ለዚሁ ነው፤ ተማሪው ባለ ሁለት ስንኝ ከሆነው ቅኔ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ባለ ስምንት ስንኙ መወድስ እስኪደርስ ግሥና አገባብ ይገራዋል። በዚህ በኩል ደሴ ዕድለኛ ናት፤ ዋድላና ደላንታ የቅኔ አገር ናቸው።

ሞክሼ (ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው የተለያየ) ፊደላት ሌላው ጣጣ ናቸው። «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ማለት «ቅድስት ሆይ፣ ለምኝልን» ነው። በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ «ሠዐሊ» ተብሎ ሲጻፍ «ሣዪልን» ይሆናል። ጆሮ አይለየውም፤ ስሕተቱ የሚጋለጠው ባነር ላይ ነው።

የአንድ ቃል ፍቺ ምን ያህል እንደሚከብድ ከደሴ በስተሰሜን ያለው ቦሩ ሜዳ ይመሰክራል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ ሊቃውንቱን ስለ ክርስቶስ ልደት እዚያ አከራከሩ። ከክርክሩ ሥሮች አንዱ «በመንፈስ ቅዱስ ቀባው» የሚለው ነበር (የሐዋ. 10፥38)። «ጸጎች» የተባሉት ወገኖች ከመቀባቱ፣ ከአብና ከማርያም ከተወለደው ሌላ፣ ሦስተኛ ልደት አወጡ፤ ተዋሕዶዎች ግን ሥጋ የከበረው በተዋሕዶ (ከመለኮት ጋር አንድ በመሆኑ) ነው፣ ልደቱም ሁለት ነው አሉ። የተዋሕዶዎቹ ጸና፤ ሦስት ልደት ማለት ተከለከለ።

ወንጌላውያን ሰባክያን መነሻቸው የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በተለይ የ1954 ዓ.ም. ትርጉም ነው። እነርሱንም የሚያስቸግሩ ከግእዝ የወረዱ ቃላት አሉ፦ «ዕፅ» በግእዝ ዛፍ ወይም እንጨት ነው፤ የዛሬ ወጣት ሲሰማው ግን ቀድሞ የሚመጣበት አደንዛዡ ነው። ስለዚህ ሰባኪው ጥቅሱን ሲያነብ እዚያው «ዛፍ» ብሎ መፍታት አለበት፤ ስብከቱ መሐል ከደረሰ በኋላ ማቃናት አድማጩን ያደናግራል።