ቴክኖሎጂን ከትምህርት ጋር ማዋሃድ ምንድን ነው?

«ትምህርት ቤታችን ቴክኖሎጂን ከመማር ማስተማሩ ጋር አዋህዷል።» እንዲህ የሚል ሪፖርት ሳይ ዓይኔ ቶሎ ብሎ ወደ ቀጣዩ መስመር ይሮጣል። ቀጣዩ መስመር ሁሌም ያው ነው። ይህን ያህል ኮምፒውተር ገባ፣ ፕሮጀክተር ተተከለ፣ ኔትወርክ ተዘረጋ። በየትኛው ትምህርት፣ በየትኛው ምዕራፍ፣ ተማሪው ምን ከብዶት እንደነበር ግን አንድ ቃል አይገኝም። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ መምህራን ኮምፒውተርን ክፍል ውስጥ እንዲጠቀሙ ማገዝ እንጀራዬ ነው። አሁንስ በዛ ብዬ ነው የምጽፈው።

ፕሮጀክተር እንዴት እንደሚሰካ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ወደ ነገሩ ልግባ።

ማዋሃድ ማለት መምህሩ ትምህርቱን ሲያቅድ የሚወስነው ውሳኔ ነው። «ተማሪዎቼ እዚህች ጋ ይጠፉብኛል፤ ይሄ መሳሪያ እዚህች ጋ ያግዘኛል» ይላል። በቃ፣ ይሄው ነው። አንዳንዴ ውሳኔው «ዛሬ ጠመኔ ይበቃኛል» ይሆናል። አስቦበት ካለው እሱም ማዋሃድ ነው። ያለ ውሳኔ የገባ ዕቃ ግን የንብረት ክፍል ጉዳይ ነው።

አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝታችሁ ቤት አስገባችሁ እንበል። ምጣዱ ከነካርቶኑ ሳሎን ቆሞ «ቤታችን እንጀራ መጋገር ጀምሯል» ትላላችሁ? ጤፉ ተፈጭቷል? ሊጡ ኩፍ ብሏል? አብሲት ተጥሎበታል? አዲስ ምጣድ ደግሞ ሳይሟሽ እንጀራ አያወጣም፤ ተጣብቆ ይቀራል። በደንብ ቢሟሽ እንኳ ሙቀቱን እጅ እስኪለምደው ድረስ የሚበላሽ እንጀራ አለ። መብራት የሚሄድበት ቀን ስላለም የድሮውን ምጣድ ማንም አይጥልም። ክፍል ውስጥም እንደዚሁ ነው። ሊጡ የመምህሩ ዕቅድ ነው። እርሾው ካለፈው ሊጥ የተረፈው ነው፤ ማለትም ተማሪዎቹ ባለፈው ሳምንት የተሳሳቱት ነገር። ማሟሸቱ ለመምህሩ የሚሰጠው ድጋፍ ነው። እኛ ግን ምጣድ ቆጥረን ሪፖርት እንልካለን። ምሳሌዬ የሚበጠሰው አንድ ቦታ ላይ ነው። ሊጥ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ አልገባኝም» አይልም። ተማሪ ይላል።

እጅ ማውጣት ካልኩ አይቀር ፕላዝማን ላንሳ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትምህርት በሳተላይት መሰራጨት ጀመረ። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉ የቴሌቪዥኑ ነበር፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ለመምህሩ የቀረችው መግቢያና መደምደሚያ ናት። ዕቃው ውድ ነበር፤ ብዙዎቹ ምስሎችም ጥሩ ነበሩ። ላብራቶሪ በሌለው ትምህርት ቤት አንድ ሙከራ ሲሰራ ለመጀመሪያ ጊዜ በፕላዝማ ያየ ተማሪ አለ፤ ይሄን መካድ አይገባም። ግን ስርጭቱ በቀጥታ ስለሚመጣ ተማሪ እጁን ሲያወጣ አይቆምም። መምህሩ ጥያቄውን ቢመልስ ቀጣዩ ያልፈዋል፣ ባይመልስ ተማሪው ይጠፋል። መሳሪያው ክፍል ውስጥ ነበር፤ የመምህሩ ውሳኔ ግን ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ እኔ የፕላዝማን ዘመን የመዋሃድ ምሳሌ አድርጌ አልጠቅሰውም። እንደ ምሳሌ ሲጠቀስ ስሰማም ደሜ ይፈላል።

«ያ እኮ ቴሌቪዥን ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ላፕቶፕ ቢሰጥስ?» የሚል ይኖራል። ፔሩ ሞክራዋለች። በገጠር 319 ትምህርት ቤቶች ላይ ጥናት ተደረገ። በዕጣ ተመርጠው ላፕቶፕ የደረሳቸው ትምህርት ቤቶች ካልደረሳቸው ጋር ተነጻጸሩ። ከ15 ወር ገደማ በኋላ በሒሳብም በቋንቋም የፈተና ውጤት ላይ ልዩነት አልታየም። (ፔሩ ድሬ አይደለችም፤ 15 ወርም አጭር ነው። በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ መለኪያዎች ላይ መጠነኛ መሻሻል ታይቷል። እንዲህ ዓይነት ቅንፍ ካልጨመርኩ የሙያ ባልደረቦቼ አይለቁኝም።)

እሺ፣ የተዋሃደው ምን ይመስላል? ከራሳችን ሰፈር ልውሰድ።

የጂኦግራፊ መምህር ተፋሰስን ሊያስተምር ነው። የድሬ ልጅ የደቻቱን ወንዝ በእግሩ ያውቀዋል፤ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ያ አሸዋ በሌሊት ጎርፍ ሆኖ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ተማሪዎቹ ታሪኩን ከእናት ከአባት ሰምተውታል። የሚያስቸግራቸው ሌላ ነው። ጎርፍ ሲባል ብዙ ልጅ የሚታየው እዚያው ከተማው ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው። መምህሩ ይሄን ያውቃል፤ ልጆቹ የሚጠፉበት ቦታ እዚህ ነው።

ስለዚህ ላፕቶፑን ከመክፈቱ በፊት ሰሌዳው ላይ አንዲት ጥያቄ ይጽፋል። «ያ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?» ሁሉም በደብተሩ ንድፍ ስሎ ቀስት ያደርጋል። ማንም ትክክል ወይም ስህተት አይባልም። ከዚያ ጉግል ኧርዝ ይከፈታል። ምስሉን ከትናንት ወዲያ ኢንተርኔት ባለበት ስለከፈተው ላፕቶፑ ላይ ቀርቶለታል፤ ክፍል ውስጥ ኔትወርክ አይለምንም። ከከተማው ተነስቶ በስተደቡብ ወደ ደንገጎ ዳገት አቅጣጫ መስመር ይስባል፣ የከፍታውን ግራፍ ያወጣል። ከተማው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዳገቱ ላይ ሲደረስ 2,000 ሜትር ያልፋል። ልጆቹ ደጋው ላይ የዘነበው ውሃ በየሸለቆው ተጠራቅሞ ወደየት እንደሚወርድ በዓይናቸው ያያሉ። ይሄ ሁሉ ስምንት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዚያ ፕሮጀክተሩ ይጠፋል። ተጠፍቶ ነው ዋናው ትምህርት የሚጀምረው፤ ቀስቶቹ ይታረማሉ፣ ክርክር ይነሳል።

መብራት ቢጠፋስ? ግቢ ውስጥ አሸዋ ቆልሎ በጀሪካን ውሃ ማፍሰስ ይቻላል። ጥያቄው ያው ነው። እንዲያውም አንዳንድ ክፍል ላይ አሸዋው ይበልጣል። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ በዚያ ጎርፍ ዘመድ ያጣ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል። መምህሩ አስቀድሞ ማጣራት አለበት። ይሄን የሚነግረው ሶፍትዌር የለም።

አሁን ይሄንን ከተለመደው ጋር አስተያዩት። የመጽሐፉ ገጽ እንዳለ ፓወርፖይንት ላይ ይገለበጣል። መምህሩ ስላይዱን ያነባል፣ ተማሪው ይገለብጣል። ድሮ ከሰሌዳ ይገለብጥ ነበር፣ አሁን ከግድግዳ። መስኮት መጋረጃ ከሌለው ደግሞ በድሬ ጸሐይ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ የኋላ ረድፍ አያየውም። ሪፖርቱ ላይ ይሄኛውም «ተዋህዷል» ነው የሚባለው።

በሙያው ዓለም ይሄን ለማስረዳት «ቲፓክ» የሚባል ሐሳብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ፑንያ ሚሽራ እና ማቲው ኮህለር የሚባሉ የትምህርት ተመራማሪዎች ያቀረቡት ነው፤ መነሻው ሌላው ተመራማሪ ሊ ሹልማን በ1986 ያነሳው ሐሳብ ነው። ሹልማን ያለው ባጭሩ፣ ፊዚክስ ማወቅና ማስተማር ማወቅ ተደምረው ፊዚክስን ማስተማር ማወቅ አይሆኑም ነው። ተማሪ የቱ ጋ እንደሚሳሳት ማወቅ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ሚሽራና ኮህለር ቴክኖሎጂን ጨመሩበት። ሦስት ክብ (የትምህርቱ ይዘት፣ የማስተማር ዘዴ፣ ቴክኖሎጂ) ስለው መሐል ላይ የሚገናኙበትን ያሳያሉ። ክቦቹ ቆንጆ ናቸው፤ ድንበራቸው ግን በተግባር ይደበዝዛል። መለኪያውም ብዙውን ጊዜ መምህሩ ራሱን የሚሞላበት መጠይቅ ነው፤ «እችላለሁ» ያለና የሚችል ደግሞ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ስልጠና አዳራሽ ውስጥ ክቦቹን አይታችሁ እንደ ሕግ አትያዙት።

አንድ አስተያየት ሰጪ በቀደም «ችግሩ መምህራኑ ቴክኖሎጂ ይፈራሉ» ሲል ሰማሁት። ወዳጄ፣ የትኞቹ መምህራን? ደሞዛቸውን በቴሌብር የሚያንቀሳቅሱት፣ የቴሌግራም ግሩፕ የሚያስተዳድሩት፣ ፈተና ራሳቸው ታይፕ የሚያደርጉት? የሚፈሩት ሌላ ነው። ክፍሉ በተማሪ ጢም ብሏል። 40 ደቂቃ አለ። ፕሮጀክተሩን ከቢሮ ፈርሞ ማውጣት፣ ገመድ መፈለግ፣ ሶኬቱ የሚሰራበትን ጥግ ማግኘት ሲደመር የክፍለ ጊዜው ሩብ ይሄዳል። ከዚያ ላፕቶፑ እምቢ ካለ በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት መቆም አለ። ይሄን የሚፈራ ሰው ኋላቀር አይባልም፤ ሒሳብ የሚያውቅ ነው የሚባለው።

የሰውየው መፍትሄ ደግሞ «ስልጠና ይሰጣቸው» ነበር። የትኛው ስልጠና? የሒሳቡም፣ የሶማልኛውም፣ የስፖርቱም መምህር አንድ አዳራሽ ተሰብስበው፣ የኤክሴል ቁልፎች ታይተዋቸው፣ አበልና የምስክር ወረቀት ይዘው የሚበተኑበት? እኔም እንዲህ ዓይነቱን እሰጣለሁ፤ ሲታዘዝ ይሰጣል። ክፍል ውስጥ ሲደርስ ግን የሚቀረው ጥቂት ነው።

የሚሰራው አሰልቺ ነው። አንድ ሰው፣ ቢቻል ያንኑ ትምህርት የሚያስተምር፣ ከመምህሩ ጋር ዕቅዱ ላይ ይቀመጣል። ክፍል አብሮ ይገባል። ላፕቶፑ እምቢ ሲል እሱ ይጠግናል፣ መምህሩ ማስተማሩን ይቀጥላል። ከክፍል ሲወጡ «ልጆቹ የቱ ጋ ነቁ? የቱ ጋ ጠፉ?» ይባባላሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ይደግሙታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ስልሳ ጥናቶችን ሰብስቦ ያየ አንድ ትንተና እንዲህ ዓይነቱ የቅርብ ድጋፍ የማስተማር ጥራትን በግልጽ እንደሚያሻሽል፣ የተማሪ ውጤትንም በመጠኑ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። (ጥናቶቹ በአብዛኛው የአሜሪካ ናቸው፤ ፕሮግራሙ ሲሰፋም ውጤቱ ይሳሳል። ይሄም ቅንፍ ግዴታ ነው።) ጊዜው ከየት ይመጣል ለሚል፣ ተሙማ (የመምህራን ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ) በዓመት 60 ሰዓት ይጠይቃል። ያን ሰዓት ፎልደር ለመሙላት ከማዋል ሁለት መምህራን አብረው ክፍል ቢገቡበት አይሻልም?

ድጋፉ ላይ ማንም የማይነግራችሁ ነገርም አለ። ድሬ ውስጥ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ የሚማሩ ክፍሎች አሉ። በእንግሊዝኛ የተሰራ ቪዲዮ አምስተኛ ክፍል ላይ ከፍቶ መቆም ፕላዝማን በትንሹ መድገም ነው። ድምጹን አጥፍታችሁ ራሳችሁ ተርኩት፤ ብዙ ጊዜ ይሻላል። በድሮ የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌር የተጻፈ የአማርኛ ፈተና ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ምልክት ብቻ ይሆናል፤ በዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር በሚያነበው የፊደል ሥርዓት) ጻፉ። ላፕቶፕ በዚህ ሙቀት ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ሲከርም ባትሪው ይሞታል። የፕሮጀክተር አየር ማጣሪያ ደግሞ ይጸዳል፤ አቧራው ሲደፍነው ማሽኑ ግሎ ራሱን ያጠፋል። መምህሩ «ተበላሸ» ብሎ ወደ ቢሮ የሚመልሰው አንዳንዱ ፕሮጀክተር ችግሩ ይቺ ብቻ ናት።

ኮምፒውተር የሚቆጠርበት ሰንጠረዥ ይቆይ፤ ለንብረት ክፍል ያስፈልጋል። ከስሩ ግን አንድ ክፍት ቦታ ብትጨምሩልኝ ደስ ይለኛል። ባለፈው ወር አንድ መምህር ፕሮጀክተሩ እጁ ላይ እያለ አስቦበት ያልተጠቀመበት ክፍለ ጊዜ የቱ ነው? ለምንስ ተወው? ይሄን የሚሞላ መምህር ያለበት ትምህርት ቤት «አዋህጃለሁ» ቢለኝ አልከራከረውም፣ ያለው ላፕቶፕ አንድ ቢሆንም።